ተረከዝ መሬት ሲነካ

ከ3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዓመት በፊት አፋር ውስጥ፣ ሐዳር በምትባለው ስፍራ፣ በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ ይሄድ የነበረ አንድ የድንቅነሽ ዘመድ የእግር አጥንቱን ትቶ አለፈ። አጥንቱ ከአራተኛዋ የእግር ጣት በስተኋላ ያለው ነው። ኤ.ኤል. 333-160 የሚል ቁጥር ተሰጥቶት በ2011 እነ ካሮል ዋርድ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ሲያወጡት፣ ጠመም ያለው ቅርጹ አንድ ትልቅ ጥያቄ መለሰ፤ ያ እግር ዝርግ አልነበረም፣ እንደ እኛው ቅስት ነበረው። ቅስት ያለው እግር መሬት ሲረግጥ ይለጠጣል፣ ሲነሳ ይሰበሰባል። ምቱን ይውጣል፤ ከዋጠውም ከፊሉን ለሚቀጥለው እርምጃ መልሶ ይሰጣል። (ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰው የሚለብሰውን የመራመጃ ማሽን፣ ኤክሶስኬሌተን የሚባለውን፣ ሊሠራ የተነሳ መሐንዲስ ሁሉ የሚፎካከረው ከዚህ እግር ጋር ነው። የማሽኑ ዝና ሁሉ የሞተሩ ነው፤ ስንት ኪሎ ያነሳል፣ ስንት ሰዓት ይሄዳል ይባላል። እኔ ግን የዚህን ማሽን ታሪክ ስከታተል ሥራው ደጋግሞ የተደናቀፈው ተረከዝ መሬት በሚነካባት ቅጽበት ሆኖ አገኘዋለሁ።

ቅጽበቷን ጠጋ ብለን እንያት። ምዕራብ ጎጃም፣ ወምበርማ ውስጥ 60 ኪሎ የሚመዝን ገበሬ ከሽንዲ ወደ ቡሬ በእግሩ ሲሄድ፣ ባዶ እጁን ቢሆን እንኳ መሬት የምትመልስለት ግፊት 60 ኪሎ ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ እርምጃ ሁለት ጊዜ ከፍ እያለ ወደ 70 ኪሎ ይጠጋል። ቢሮጥ የክብደቱን ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ግን፣ ተረከዙ መሬት እንደነካ፣ ከሰከንድ አንድ ወይም ሁለት መቶኛ በማትበልጥ ጊዜ ውስጥ አጭርና ሹል ምት ይነሳና በቅልጥሙ አልፎ ወደ ጉልበቱ፣ ወደ ዳሌው፣ ወደ አከርካሪው ይወጣል። አንድ ሰዓት የተራመደ ሰው ይህን ምት ከ5 ሺህ ጊዜ በላይ ይቀበላል። ሳይሰማው የሚውለው ተረከዙ ሥር ወደ 2 ሳንቲሜትር የሚጠጋ የስብ ትራስ ስላለው፣ ጉልበቱ እግሩ እንዳረፈ ትንሽ ስለሚታጠፍ፣ የቁርጭምጭሚቱ ጡንቻዎች እግሩን ቀስ አድርገው ስለሚያወርዱና ያ የሐዳሩ ቅስት ስላለው ነው።

ይህን ሥራ ለማሽን ለመስጠት መጀመሪያ ካሰቡት ሰዎች አንዱ ኒኮላስ ያግን የተባለ የሴንት ፒተርስበርግ ነዋሪ ነበር። በ1890 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት የተሰጠው መሣሪያ መራመድን፣ መሮጥንና መዝለልን ያቀላል የተባለለት ሲሆን ሞተር የሚባል ነገር የለውም። ከወገብ እስከ እግር የሚወርድ ረጅም ቀስት፣ የእኛ መካኒኮች ባሌስትራ የሚሉት ዓይነት ሞላ፣ እግር መሬት ሲረግጥ የሰውየውን ክብደት ይቀበላል፤ እግር ሲነሳ ይለቅቃል። በተግባር እንደሠራ የሚያሳይ መዝገብ የለም። ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ብዙዎች ዞረው የመጡት ወደዚሁ ነው።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ቁም ነገር የተሠራው በሰው ሠራሽ እግር ላይ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እግራቸውን ያጡ ብዙ ወታደሮች ትቶ ስላለፈ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ በርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ «ሳች» በሚል አሕጽሮት የሚታወቀውን እግር አወጣ። ለሁለት ተሰንጥቆ ቢታይ ነገሩ ወዲያው ይገባል። መሐሉ ላይ ጠንካራ እንጨት አለ፤ ዙሪያውን ጎማ ሸፍኖታል፤ ተረከዙ ላይ ደግሞ እንደ ሽብልቅ የተቆረጠ ለስላሳ ስፖንጅ ገብቷል። ቁርጭምጭሚቱ አይታጠፍም፣ የሚንቀሳቀስ ዕቃ የለውም። ሰውየው ሲረግጥ ሽብልቁ ይጨመቅና ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ምቱን ያበርዳል፣ የእግሩንም ጣት ቀስ አድርጎ ወደ መሬት ያወርደዋል። የሚሰበር ማርሽ፣ የሚያልቅ ባትሪ የለም። ርካሽ በመሆኑም ዓለምን አዳረሰ፤ ኢትዮጵያም ደረሰ።

ጎማም ስፖንጅም ያልነበረው እግር ደግሞ በዚያው ዘመን ዓለምን አስደነቀ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሻምበል አበበ ቢቂላ የሮምን ጎዳና በባዶ እግራቸው ሮጠው ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸሙ። ከመንገዱ ከፊሉ ድንጋይ የተነጠፈበት ጥንታዊው የአፒያ መንገድ ነበር። ዓለም የተደነቀው በድሉ ብቻ አልነበረም፤ ጫማ የሌለው እግር ያን ሁሉ ምት እንዴት ቻለው የሚለውም ጥያቄ ሆኖ ቀረ። ሳይንስ መልስ ፍለጋ በወጉ የተነሳው ከ50 ዓመት በኋላ ነው፤ እንደርስበታለን።

1965 ላይ ሁለት ሥራዎች በሁለት አህጉር ተጀመሩ። አሜሪካ ውስጥ ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ በጦር ሠራዊቱ ገንዘብ «ሃርዲማን» የተባለ ግዙፍ ተለባሽ ማሽን መሥራት ያዘ። ሰው ገብቶበት 680 ኪሎ የሚያህል ሸክም እንዲያነሳ ታስቦ ነበር፤ ራሱ ማሽኑም ያንኑ ያህል ይመዝን ነበር። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ይጠራ ከነበረው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ላይ አለርት ተመሠረተ፤ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ የተሐድሶና የሥልጠና ማዕከል። ሃርዲማን እስከ 1971 ተለፍቶበት አንድ ክንዱ ብቻ ሠራ። ሙሉ አካሉ ሲነሳ በኃይል እየተወራጨ አልገዛ ስላለ ሰው ውስጡ ሆኖ አልተነሳም፤ እግሮቹም አንድ ቀን በወግ አልተራመዱም። በእኔ ፍርድ ስለ እግርና ስለ መሬት የሚያስተምረው ነገር የተገኘው ከአለርት ነው።

ወደ ዘነበወርቅ ሕሙማን ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ይመጡ ነበር። ደጋውና ወይና ደጋው ብዙ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበሩበት። ብዙዎቹ እግራቸው ቆስሎ፣ ጣታቸው አልቆ ነው የሚደርሱት። ሕዝቡ በሽታው ሥጋ ይበላል ብሎ ያምን ነበር፤ ሐኪሞችም ከዚህ ብዙም የራቀ ሐሳብ አልነበራቸውም። አለርትን ከነደፉት ዋነኞች አንዱ የሆኑት እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፖል ብራንድ ግን ሕንድ አገር፣ ቬሎር፣ ሲሠሩ ሌላ ነገር ተገልጦላቸዋል። እግሩን የሚያቆስለው እርምጃው ነው። ጤነኛ ሰው ሩቅ መንገድ ሲሄድ ውስጥ እግሩ አንድ ቦታ ላይ ሲግልበት፣ ልብ ሳይለው አረጋገጡን ይለውጣል፤ ትንሽ ያነክሳል፣ ክብደቱን ወደ ጎን ይጥላል። ነርቩ የሞተበት ሕመምተኛ ግን አይሰማውም። ያንኑ ቦታ፣ በዚያው ኃይል፣ ሺህ ጊዜ ይመታዋል። እያንዳንዱ ምት ለብቻው ጉዳት አያደርስም። ድግግሞሹ ነው የሚያቆስለው።

መድኃኒቱም ከዚሁ ሐሳብ ወጣ። የአለርት የጫማ ወርክሾፕ ሠራተኞች የሚሠሩት ሰንደል ሲታይ ተራ ነው። እግሩ የሚያርፍበት ንጣፍ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ያለው ለስላሳ ጎማ ነው፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይሰምጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ከሥሩ ሚስማርና እሾህ የማይበሳው ጠንካራ ጎማ አለ። ለስላሳው ምቱን ያዘገየዋል፣ ጠንካራው ደግሞ ግፊቱን በሰፊው ያከፋፍለዋል። አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም። በዚህ ጫማ ብዙ እግር ከመቆረጥ ድኗል። እንዲያነክስ የሚያስገድደው ነርቭ ለሌለው እግር ምን ዓይነት መሬት እንደሚያስፈልገው ወርክሾፑ በእጁ ያውቀው ነበር። ማሽን የለበሰ ሽባ ሰው እግርም ይኸው ነው፤ አይሰማውም። የኤክሶስኬሌተን መሐንዲሶች ይህን በስሌት ከመድረሳቸው በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ጫማ ሰፊው ደርሶበት ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

እዚያው አለርት ይሠሩ የነበሩት ኧርነስት ፕራይስ ደግሞ እግራቸው ያበጠ፣ የሥጋ ደዌ ግን የሌለባቸው ሰዎችን አስተውለው፣ ምክንያቱ በባዶ እግር የሚረገጠው ቀይ አፈር መሆኑን አሳዩ። በ2012 በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ላይ የወጣ ጥናት ከተዳሰሱት ሰዎች 3 ነጥብ 3 በመቶው ይህ የእግር ዝሆኔ እንዳለባቸው አግኝቷል። የወምበርማ ሰው መሬቱን በእግሩ ሲነካ ከምቱ ሌላም የሚጠነቀቀው ነገር አለ።

በሮም ያን ሁሉ ምት የቻሉት ሻምበል አበበ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በሸኖ አካባቢ መኪናቸው ተገልብጦ ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ላኳቸው። ሕክምናው ሕይወታቸውን አተረፈ፤ የሚያስሄድ ነገር ግን አልነበረውም። በ1962 ዓ.ም. ክረምት እዚያው ስቶክ ማንደቪል በተዘጋጀው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው በቀስት ተወዳደሩ። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. አረፉ።

በእነዚያው ዓመታት ቤልግሬድ በሚገኘው ሚሃይሎ ፑፒን ተቋም ሚዮሚር ቩኮብራቶቪችና ባልደረቦቹ ሽባ ለሆኑ ሰዎች በአየር ግፊት የሚንቀሳቀስ የመራመጃ ልብስ እየሠሩ ነበር። ሕሙማን በክራንች ተደግፈው ሞከሩት። ከዚህ ሥራ ለኔ ትልቁ ቁም ነገር ጫማው ነው። በእያንዳንዱ ጫማ ሥር ሦስት የኃይል መለኪያ አደረጉ፤ መሬት ምን ያህል፣ በየት በኩል እንደምትገፋ ማሽኑ እንዲያውቅ። ማሽን መሬትን መጠየቅ ጀመረ።

አገራችን ከዚያ በኋላ ጦርነት ውስጥ ገባች። ፈንጂና ጥይት የቆረጠው እግር በየሆስፒታሉ በዛ። የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በ1979 የአካል ተሐድሶ ፕሮግራሙን ሲጀምር ኢትዮጵያ ቀድሞ ከሠራባቸው አገሮች አንዷ ሆነች። በ1983 ኮሚቴው ለአካል ጉዳተኞች ያቋቋመው ልዩ ፈንድም አዲስ አበባን የሥልጠና ማዕከሉ አድርጎ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ቴክኒሺያኖችን አስተምሯል። ቁሳቁሱ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ በምድጃ ሞቆ ይለሰልስና በጀሶ ቅርጽ ላይ ይወጠራል። ከታች የሚገጠመው ያው ሽብልቅ ተረከዝ ያለው የበርክሌይ እግር ነው። ከተማ ውስጥ አስፋልት ላይ ለሚሄድ ሰው የተሠራ እግር እርሻ ውስጥ፣ ጭቃና ጠጠር ላይ ሲውል ጎማው ይሰነጠቃል፣ ስፖንጁም ይደቅቃል። የደቀቀ ተረከዝ ምት አያበርድም፤ ጉቶውን ማቁሰል ይጀምራል። ቴክኒሺያኑ ሰውየው ሲገባ አካሄዱን ሰምቶ ተረከዙ እንዳለቀ የሚያውቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

1995 ላይ ነገሩ ወደ ሮቦት ዞረ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ጊል ፕራትና ማቲው ዊሊያምሰን በሞተሩና በመገጣጠሚያው መካከል ሆን ብለው ሞላ አስገቡ። እስከዚያ ድረስ ጥሩ ሮቦት ማለት ግትር ሮቦት ማለት ነበር። ችግሩ ማርሹ ላይ ነው። ትንሽ ሞተር ትልቅ ጉልበት እንዲሰጥ ፍጥነቱ በማርሽ መቶ ጊዜ ቢቀነስ፣ ከውጭ ለሚመጣ ምት ሞተሩ አልንቀሳቀስ የሚልበት ክብደት በመቶ ሳይሆን በአሥር ሺህ ይባዛል። እንዲህ ያለ እግር መሬት ሲመታ ሞተሩ ለመሸሽ ጊዜ የለውም፤ ምቱ በሙሉ ወደ ማርሹ ጥርስና ወደ ለባሹ አጥንት ይሄዳል። አሞርዛተሩ ያለቀ ኢሱዙ በቡሬ ጠጠር መንገድ ሲሄድ ተሳፋሪው የሚሆነውን መሆን ነው። ሞላው ሁለት ነገር አመጣ፤ ምቱን ያዘገያል፣ የተጨመቀበትን ልክ በመለካትም ኃይሉ ስንት እንደሆነ ለማሽኑ ይናገራል።

እስራኤላዊው መሐንዲስ አሚት ጎፈር በ1997 በአደጋ ሽባ ሆነ፤ ከዚያም ሪዎክ የተባለውን ማሽን ለመሥራት ተነሳ። ራሱ እጆቹም ስለተጎዱ ክራንች መያዝ አይችልም፤ ማሽኑን የሠራው ለሌሎች ነው። በ2004 ደግሞ ያ የሽብልቁ ተረከዝ አገር በርክሌይ፣ በሆማዩን ካዘሩኒ መሪነት፣ «ብሊክስ» የተባለውን ወታደራዊ ኤክሶስኬሌተን ለዓለም አሳየ። ከ40 በላይ የመለኪያ መሣሪያ የተገጠመለት፣ በነዳጅ ሞተርና በዘይት ግፊት የሚሠራ ነበር። በ2007 ኮነር ዎልሽ፣ ኬን ኤንዶና ሂዩ ኸር ሌላ መንገድ ሞከሩ። ኸር ሁለቱንም እግሮቹን በተራራ ላይ ውርጭ ምክንያት ያጣ ሰው ነው። የሠሩት ማሽን 12 ኪሎ ገደማ ሲሆን አብዛኛው ሥራ የሞላና ዳምፐር የሚባለው ምት አብራጅ ነው። 36 ኪሎ ሸክም ሲጫንበት አንድ እግር ላይ በሚቆምበት ጊዜ 80 በመቶውን በቀጥታ ወደ መሬት አወረደ። ድንቅ ነው። ለባሹ ግን ያንኑ ሸክም በተራ ቦርሳ ከሚሸከምበት ይልቅ 10 በመቶ የበለጠ ጉልበት ጨረሰ። ሸክሙ ከትከሻ ወርዷል፤ የእግሩ ክብደት ግን ጨምሯል፣ ተፈጥሯዊው አረማመድም ተዛብቷል። ለገበሬ ሸክም ማቅለያ ማሽን የሚያልም ሁሉ ይህን ቁጥር ልብ ይበለው።

ስለ ባዶ እግር የተነሳው ጥያቄ መልስ ያገኘው በ2010 ነው። ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ «ኔቸር» ላይ እንዳሳዩት፣ በባዶ እግር መሮጥ የለመዱ ሰዎች በብዛት በእግራቸው ፊተኛ ክፍል ያርፋሉ፤ ያ ሹል የመጀመሪያ ምትም ጫማ አድርገው በተረከዝ ከሚያርፉት በሦስት እጥፍ ያህል ያንሳል። በ2013 ግን በኬንያ በኩል ባሉ ዳሰነች ላይ፣ ወገኖቻቸው የእኛው ኦሞ ላይ የሚኖሩት፣ የተደረገ ጥናት ቀስ ብለው ሲሮጡ 72 በመቶው በተረከዝ እንደሚያርፉ አገኘ። እግር አንድ ሕግ የለውም። እንደ ፍጥነቱ፣ እንደ መሬቱ ይለዋወጣል። አንድ ዓይነት እርምጃ ብቻ የተሞላ ማሽን የሚጎድለው ይህ ነው።

በ2012 ክሌር ሎማስ የተባለች እንግሊዛዊት ሪዎክ ለብሳ የለንደንን ማራቶን ከሁለት ሳምንት በላይ ወስዶባት ፈጸመች። በሰኔ 2014 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ሪዎክን በቤት ውስጥና በሰፈር እንዲያገለግል ፈቀደ። ዋጋው ወደ 70 ሺህ ዶላር ነበር። በ2015 ስቲቭ ኮሊንስና ባልደረቦቹ ሞተርም ባትሪም የሌለው፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ የሆነ ሞላና መያዣ ያለው የቁርጭምጭሚት መሣሪያ ሠርተው የመራመድ ጉልበትን በ7 ነጥብ 2 በመቶ ቀነሱ። ያግን 125 ዓመት ቀድሞ ያለመው ባሌስትራ በመጨረሻ ሠራ።

በዚያን ጊዜ ምቱን የማብረድ ዘዴው መልክ ይዞ ነበር። አርተር ኩዎ በ2002 እንዳሰላው፣ የኋላው እግር የፊተኛው መሬት ከመንካቱ ጥቂት ቀድሞ ቢገፋ፣ በዳሌ ብቻ ለመራመድ ከሚያስፈልገው ጉልበት ሩቡ ይበቃል፤ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጥሩ ማሽን ተረከዙን ከመሬት ጋር ሳያላትም ፍጥነቱን ወደ ዜሮ አቅርቦ ያሳርፋል፣ እግሩ እንዳረፈ ጉልበቱን ትንሽ ያጥፋል፣ ከባዱን ሞተር ከቁርጭምጭሚት አንሥቶ ወደ ወገብ ይወስዳል፣ ጫማው ሥር ለስላሳ ንጣፍና የኃይል መለኪያ ያኖራል። ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም። ለዓመታት ያልቆመ ሽባ ሰው የእግሩ አጥንት ይሳሳል። በኤክሶስኬሌተን ሲራመዱ ቅልጥማቸውና ተረከዛቸው የተሰበረ ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ላይ ተመዝግበዋል፤ ሕመም ስለማይሰማቸው ስብራቱ የሚታወቀው እግሩ ሲያብጥ ነው። ብራንድ ያስተማሩት እውነት በአዲስ ልብስ ተመልሶ መጣ።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የተካሄዱት ጦርነቶች እግር ያጡና የተሽመደመዱ ወገኖቻችንን ቁጥር እንደገና አብዝተውታል፤ የአማራ ክልላችንም ከዚህ አልዳነም። ሽንዲ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ እግሩን ያጣ ሰው ሰው ሠራሽ እግር ፍለጋ ባሕር ዳር ድረስ ይሄዳል። ከሽንዲ ወጥቶ ወደ ዓባይ በሚወርደው ገጠር ክረምት ላይ ቀዩ አፈር ያሙለጨልጫል፤ በበጋ ደርቆ እንደ ሸክላ ይጠነክራል፤ የእርሻው ጓል እግርን ያጣምማል። ሰው በኮንጎ ጫማ፣ በበረባሶ ይሄድበታል። ለሆስፒታል ኮሪደር የተሠራ ማሽን እዚህ አንድ ቀን አይውልም።

ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ የምትማሩ ወጣት መሐንዲሶች፣ ለመመረቂያችሁ ኤክሶስኬሌተን ልሥራ የምትሉ ካላችሁ፣ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ጫማ ሥሩ። ውስጡ ርካሽ የኃይል መለኪያ አድርጋችሁ የወምበርማን ገበሬ በጭቃና በጓል ላይ አስሄዱት፤ ምቱን መዝግቡ። ከዚያ ባሕር ዳር ወደሚገኘው የአካል ተሐድሶ ማዕከልና ወደ አለርት ወርክሾፕ ሄዳችሁ፣ ያለቀ ተረከዝ ሲያድሱ የኖሩትን ቴክኒሺያኖች ጠይቁ። ሥራው መጀመር ያለበት ከዚያ ነው።